ከኋላ የሚቆም ሰው

«ለመሆኑ ረዳት ምን ይሠራል?» ብሎ ሊጠይቀኝ የሚያስብ ሰው ካለ ፊቴ ባይቆም ይሻለዋል። ጠባዬን ተማሪዎቼ ያውቁታል፣ ባሌ ያውቀዋል፣ የንፋስ መውጫ መናኸሪያ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቀዋል። ቶሎ እናደዳለሁ፤ ቶሎም ይበርድልኛል። ይኼኛው ግን አልበረደም። እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

እኔ ንፋስ መውጫ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ገበሬ ነው፤ ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ ከማርያም መገንጠያ ትንሽ ገባ ብሎ ይኖራል። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ በየጊዜው እኔ ዘንድ ይመጣል፣ ለሕክምና ይመላለሳል፣ በሚኒባስ ወደ አገሩ ይመለሳል። ያን መንገድ የማያውቅ ሰው ካለ እድለኛ ነው። በበጋ አቧራ ያስበላል፣ በክረምት ጭቃው ጫማ አውልቆ ያስቀራል።

ረዳት ሲባል ሰው በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮህ ጎረምሳ ነው የሚታየው። የእኛው ረዳት ግን የልጆች አባት፣ ፀጉሩ የሸሸ ሰው ነበር። ድምፁን የንፋስ መውጫ ብርድ ሻካራ አድርጎታል። አፉማ አይጣል ነው! «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ መኪና ተሳፈራችሁ እንጂ ቤት አልተከራያችሁም!» ይላል። «እማማ፣ ዶሮዋን ይቀፏት፣ ሰው ነው የሚቀመጠው» ይላል። እማማ ይረግሙታል፣ እሱ ይስቃል፣ ዶሮዋን ራሱ ተቀብሎ ያቅፋታል። ነፍሰ ጡር ሲያይ ጎረምሳውን በጆሮው ይዞ ያስነሳል። መኪናው ዳገት ላይ ሲያቅተው ታኮውን ይዞ ይዘላል። ታኮ ማለት ጎማው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከሥሩ የሚወሸቅ ድንጋይ ነው፤ ሁለት እጅ ሙሉ የሆነ፣ እሱ ከወንበሩ ሥር እንደ ንብረት የሚያስቀምጠው። አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ መሬት ላይ ትቶት አልሄደም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ከኋላ ይቆም ነበር። ነገሬ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የማርያም ቤተ ክርስቲያን ከመንገዱ ማዶ ጉብታ ላይ ናት። የመኪናው በር ደግሞ የሚከፈተው በዚህ በኩል ነው። የእኛ አገር ሽማግሌ ከመኪና ወርዶ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። በሰላም ያደረሰችውን እመቤት ሳይሳለም እግሩን አያነሳም። ለመሳለም መኪናውን መዞር አለበት። በፊት በኩል ደግሞ አይዞርም፤ የመንገደኛን ፊት ማቋረጥ ገደ ቢስ ያደርጋል ይላሉ፣ ነውርም ነው። ስለዚህ በኋላ ይዞራል። ቤተ ክርስቲያኗ ከመኪናው ጫፍ ብቅ ስትልለት እዚያው ቀጥ ይላል፤ ሁለት እርምጃ ልጨምር፣ ዳር ልውጣ የለም። የመኪናውን ጭስ እየማገ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ይንበረከካል፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይነሳል። ሦስት ጊዜ።

ስንቴ ለምኜዋለሁ!

«አባዬ፣ በሞቴ፣ መኪናው ይሂድና ከዚያ ስገድ።»

«መኪና እስኪሄድ ማርያምን ላስጠብቃት?» ይለኛል።

ረዳቱ ይህን ያውቃል። ሽማግሌ በወረደ ቁጥር አብሮ ይወርድና ከኋላ ይቆማል፣ መዳፉን መኪናው ላይ ያደርጋል። አባቴ ሦስተኛዋን ሰግዶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ዳር ሲወጣ መኪናውን ሁለቴ መታ መታ ያደርግና «ሳበው!» ይላል። ያን ሳይሰማ ሾፌሩ ንቅንቅ አይልም። አንዳንዴ ተሳፋሪ ሲያጉረመርም «ምነው፣ አባባ ለእናንተም ጭምር እኮ ነው የሚሰግዱት» ይላቸዋል።

እንግዲህ ባለ መኪናው አዲስ መኪና ገዛ። ይግዛ፣ ማን ከለከለው! እሰየው ብለን እልል ያልነውም እኛው ነን። በሩ ሾፌሩ ከተቀመጠበት ሆኖ ቁልፍ ሲጫን ነው የሚከፈተው፣ ሲጫን ነው የሚዘጋው። ከኋላው ካሜራ አለው፤ ሾፌሩ ፊት ለፊት ባለች ትንሽ ስክሪን የኋላውን ያያል። ሒሳብ ደግሞ በስልክ ይከፈላል፣ ስልክ የሌለው ሲሳፈር ለሾፌሩ ይሰጣል። ወንበሩ ይመቻል፣ ብርድ አያስገባም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ያለውን ነው።

አንድ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ለመሳፈር ተሰልፈን ሳለ ባለ መኪናው ራሱ መጣ። ከዛሬ ጀምሮ ረዳት የለም አለን። ተሳፋሪው አጉረመረመ። እሱም እጁን ኪሱ ከትቶ ንግግር አደረገ፦ «ሠለጠንን እኮ ወገን! በውጭ አገር ባቡሩ እንኳ፣ ያን ሁሉ ሰው የጫነው ባቡር፣ ከኋላ ጠባቂ የለውም። በሩን የሚከፍተው ነጂው፣ የሚዘጋው ነጂው። ባቡር ያለ ረዳት ከሄደ ሚኒባስ ምን ይሆናል?»

ዝም ማለት አልችልም፤ አልፈጠረብኝም።

«ባቡሩ ኋላ ተንበርክኮ የሚሰግድ ሽማግሌ አለ?» አልኩት።

ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። «ቲቸር፣ አንቺ ተምረሽ እንዲህ ካልሽ ገበሬው ምን ሊል ነው?»

«ገበሬው ምን እንደሚል ጠይቀኸዋል?»

አልጠየቀም። ወደ ሾፌሩ ዞሮ «በል ውጣ» አለው። እኛም ተሳፈርን። አዎ፣ እኔም ተሳፈርኩ፤ ሌላ መኪና የት አለና?

እኔ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም። በሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው፣ ሰዉም ለእሱ በተሠራ መድረክ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው ይባላል። እዚያ ያለ ጠባቂ ይሄድ እንደሆነ የሚያውቁት ይከራከሩበት። ግን እዚያም ቢሆን ነጂው ፊት ፊቱን ነው የሚያየው። ሰው ደግሞ ከፊት ብቻ አይደለም ያለው። አንድ እግሩ በሩ ላይ የቀረ፣ ልብሱ የተያዘ፣ ልጁን ያወረደና እሱ ያልወረደ ሰው ይኖራል። ከፊት የተቀመጠ ሰው ስለ ኋላው የሚያውቀው አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ሲነግረው ነው። ይህን ለማወቅ መማር ምን ያደርጋል!

ረዳቱ እዚያው መናኸሪያ ጆንያ መሸከም ጀመረ። ሳገኘው በራሴ ያፈርኩ ያህል ተሸማቀቅኩ። እሱ ግን ስለ ራሱ አላነሳም። «ቲቸር፣ አባባ ሲወርዱ አደራ» አለኝ። ለሾፌሩ ነገርኩት። ሾፌሩ ልጅ ነው፣ ክፉ አይደለም። «ችግር የለም ቲቸር፣ ካሜራ አለኝ» አለ። በበጋው እውነትም ችግር አልነበረም። አባቴ ሲወርድ ከተሳፋሪው አንዱ «ቆይ፣ አልጨረሱም!» ይላል፣ ሾፌሩ ይቆያል። ሁላችንም ተራ በተራ ረዳት ሆንን ማለት ነው። ሁሉም የሚሠራውን ሥራ ደግሞ አንድ ቀን ማንም አይሠራውም።

ያ ቀን በክረምት መግቢያ ነበር። አባቴ ደብረ ታቦር ሄዶ ሞራው ተገፎለት፣ እኔ ዘንድ አገግሞ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን ነው። እኔም ለፈተና ወደ አርብ ገበያ ስለምሄድ አብረን ተሳፈርን። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። በመስኮት እያየ «ያ የገብስ ማሳ የማን ነው? ያቺ በሬ ናት ላም?» ይለኛል። በሬን «ናት» እያለ ያሾፋል፤ ድሮ አይለይም ነበርና በራሱ ላይ መቀለዱ ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዛሬ ማርያምን ጥርት አድርጌ ላያት ነው» አለኝ። ስንት ዓመት ጉም ውስጥ ሆና ነው የሰገደላት።

መገንጠያው ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» አልኩ። መኪናው ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። አባቴ ከበሩ አጠገብ ነበር፣ ዘንጉን ተመርኩዞ ወረደ። እኔ ከኋላ ወንበር በጆንያ ታጥሬ ነበር፤ ልሸኘው ብዬ ጆንያውን ስረግጥ፣ ሰው ሳልፍ፣ በሩ ተዘጋ። ሾፌሩ መንገድ ለመጀመር ነዳጅ ረገጠ። ዳገት ነው፣ ጭቃ ነው። ጎማው ባለበት ተሽከረከረ። ድሮ ይኼኔ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይዘል ነበር። አሁን ማን ይዝለል? ሾፌሩ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሽቶ በኃይል ሊወጣው አሰበ።

በኋላው መስታወት አየሁ። መስታወቱም ጭቃ ነው፤ በጭቃው መሐል ግን የአባቴ ነጭ ጋቢ ዝቅ ሲል ታየኝ። ተንበረከከ።

«ቁም! አባቴ ኋላ ነው! ቁም!» ብዬ ጮኽኩ። ከጎኔ ያሉትም ጮኹ። ቴፑ ተለቆ መዝሙሩ መኪናውን ሞልቶታል። ሾፌሩ ሰው ለምን እንደጮኸ አልገባውም፤ ስክሪኗን አየ። ስክሪኗ ላይ ምን ይታያል? ጭቃ! ካሜራውን ጭቃ ሸፍኖታል። የሚጠርገው ማን ነበርና? መስታወት የሚጠርገውን፣ መብራት የሚጠርገውን ሰው አባረውታል እኮ! በሩን በሁለት እጄ ጎተትኩት። በእጅ አይከፈትም። በጡጫ ደበደብኩት። አባቴ እዚያ ነው፣ በእኔና በእሱ መሐል አንድ ቆርቆሮ ነው ያለው፣ የዚያ ቆርቆሮ ቁልፍ ደግሞ ወደ ኋላ የሚነዳው ሰው እጅ ላይ ነው።

መኪናው ሄደበት።

ሾፌሩ በሩን ከፍቶልኝ ከወረድኩ በኋላ ያለውን በዝርዝር አልናገርም። ጎማው ግራ እግሩን ከጉልበቱ ላይ ይዞት ነበር። ተሳፋሪው መኪናውን በትከሻው ገፍቶ አነሳለት። ሾፌሩ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ፊቱን ይነጫል። አባቴ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ስይዘው አላለቀሰም፣ አልጮኸም። ዓይኑ ወደ ጉብታው ነበር።

«ሁለቱን ሰግጃለሁ» አለኝ። «አንዷ ቀርታኛለች።»

እግሩ አልተቆረጠም፤ ተመስገን ይባላል። ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ቀረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጠዋት ማታ ሲሰግድ የኖረ ሰው መስገድ የማይችል ሆነ። ያውም ዓይኑ በተከፈተ ማግስት።

አሁን የሰዉን ወሬ ስሙልኝ። «ቀኑ ነው» አሉ። ቀኑ! ቀን መኪና ይነዳል? «የእግዜር ፈቃድ ነው» አሉ። እግዚአብሔር ነው ረዳቱን ያባረረው? ከሁሉም የባሰው ደግሞ «ሽማግሌው ምን ሊያደርጉ ከመኪና ኋላ ሄዱ?» ያለው ነው። ይህን ያለኝ ሰው አብሮኝ የሚያስተምር ነው። ምሳዬን ትቼበት ወጣሁ። አባቴ ከዚያ መኪና በፊት እዚያ ቦታ ላይ ይሰግድ ነበር። አባቱም ሰግዷል፣ አያቱም። አዲስ የመጣው መኪናው ነው፤ ጥፋተኛው ግን ሰጋጁ ሆነ!

ከዚያ ደግሞ መኪናው ኋላ ላይ በቀይ ቀለም ጻፉበት፦ «ከመኪና ኋላ መቆም በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ወይ ጉድ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፊደል ላልቆጠረ፣ ያውም ግንባሩን መሬት ላይ ላደረገ ሰው ጽሑፍ! ለአባቴ ሳነብለት ሳቀ። «ደህና፣ ለጭቃው ነው የጻፉት» አለ።

ባለ መኪናው ለእርቅ የመጣው አባቴ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። በአገራችን ወግ ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ አስከትሎ፣ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ደጃፍ ላይ ቆመ። ድንጋዩን አየሁት። ጉልቻ እንኳ አታክልም! ረዳቱ በየዳገቱ ይዞ የሚዘለው ታኮ በስንት እጥፍ ይከብዳል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሱ ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ይጠርጋል፣ ዓይኑ ግን ደረቅ ነው።

«ድንጋይ አሳንሰህ መርጠሃል» አልኩት።

«አንቺ ልጅ!» አሉኝ ቄሱ።

«ይቅርታ አባቴ። ግን ይዩዋት እስቲ።»

አባቴ በዓይኑ ገሠጸኝ። ሽማግሌዎቹ ስለ ካሳ ጀመሩ። አባቴ እጁን አነሳ። «ካሳ አልፈልግም። ልጁን፣ ሾፌሩን፣ ያኔውኑ ይቅር ብዬዋለሁ፤ አላየኝም። አንተንም ይቅር ብያለሁ፣ ድንጋይህን አውርድ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። ያን ሰው መልሰው። ስሰግድ ከኋላዬ የሚቆመውን ሰው መልሰው። እኔ ከእንግዲህ አልሰግድ ይሆናል፤ ሌሎቹ ግን ይሰግዳሉ።»

ባለ መኪናው ደረቱን እየመታ ማለ። «እመቤቴ ትታዘበኝ፣ ከነገ ጀምሮ ይመለሳል!» አለ። የቄሱን መስቀል ተሳለመ። እኔም፣ ልደብቀው አልፈልግም፣ በዚያች ሰዓት አመንኩት። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ መስቀል ተስሞ፣ ማን ይዋሻል?

ረዳቱ እውነትም ተመለሰ። ታኮውን ይዞ፣ አፉን ይዞ። «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል መንገዱ መንገድ መሰለ። ክረምቱ እስኪወጣ ነበር። ጭቃው ሲደርቅ ረዳቱ የለም። ያው መናኸሪያ ሄጄ ጆንያ ተሸክሞ አገኘሁት። «በቃህ አሉኝ፣ ቲቸር» አለ።

ባለ መኪናውን ሱቁ ድረስ ሄጄ ያዝኩት።

«ምለህ አልነበረም?»

«ቲቸር፣ ያ በክረምት ነው የሆነው። አሁን በጋ ነው። አንድ ጊዜ ሆነ፣ አለፈ።»

«ለማን ነው ያለፈው? ና፣ አባቴን ጉልበትህ አልፎልሃል ወይ ብለህ ጠይቀው!»

«ኧረ አትጩሂ፣ ገበያተኛ አለ።»

ጮኽኩ። ገበያተኛው ይስማ ብዬ ጮኽኩ። ሰዉ ቆሞ ሰማ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ አዘነልኝ። በማግስቱ ያው ሰው ያንኑ መኪና ተሳፈረ። እኔም ተሳፈርኩ። የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ መኪናው አንድ ነው፣ መንገዱ አንድ ነው፣ እነሱም ይህን ያውቃሉ።

ባለፈው ሰሞን አባቴ እግሩን ታይቶ ሊመለስ አብሬው ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ከበሩ ሥር ተቀመጥኩ፤ ማንም ተነሺ ቢለኝ አልነሳም ነበር። «ወራጅ አለ!» አልኩ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ እኔ ወረድኩ፣ አባቴን ደግፌ አወረድኩ። ፊት ለፊት የነበረውን ትልቅ ድንጋይ አንስቼ ከጎማው ኋላ ወሸቅኩት። ቀሚሴ አቧራ ሆነ። ተማሪዬ የነበረች አንዲት ልጅ በመስኮት እያየችኝ አፏን ያዘች። ትያዝ!

አባቴ በኋላ በኩል ዞረ። በፊት በኩል ሂድ አላልኩትም። ቤተ ክርስቲያኗ ስትታየው ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ለመንበርከክ ሞከረ፤ ያ እግር እምቢ አለ። ሁለተኛ ሞከረ፣ እምቢ አለ። በዘንጉ ላይ አጎንብሶ አንገቱን ዝቅ አደረገና እዚያው ቆየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ያችን የቀረችውን አንዷን መሆኑ ገባኝ። እኔ በእሱና በመኪናው መሐል ቆሜ መዳፌን ቆርቆሮው ላይ አደረግኩ።

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሌላ ሾፌር ነው፣ ያኛው ከዚያ ቀን በኋላ መሪ አልያዘም። ይኼኛው ነገሩን አያውቅም። ደግሞ ነፋ። ከውስጥ አንዱ «ኧረ ሳበው በይው፣ መሸብን!» አለ።

«ንፋ!» አልኩት። «እስኪበቃህ ንፋ! አባቴ አልጨረሰም።»

እጄን አላነሳሁም።